ባለቤቱ ሞቶ ነው

አሮጌ ማሽን የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ለምን ይሸጣል?» የሚል። ይህን ያወቅሁት ከባለቤቴ ጋር ሞጆ ሄደን የስፓርክ ማሽኑን በገዛን ቀን ነው።

እሱ ሞልድ ሠሪ ነበር። የጀሪካን ክዳን፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ የጫማ ሶል፣ ብቻ ፕላስቲክ ቀልጦ ሲፈስበት ቅርጽ የሚሰጠውን ብረት የሚያዘጋጅ ሰው። ብዙ ዓመት በሰው ወርክሾፕ ሠርቶ አዳማ ከቤታችን ጓሮ የራሱን ሲከፍት የጎደለው ይህ ማሽን ነበር። መሰርሰሪያ የማይደርስበትን ጥግ፣ መሞረጃ የማይደፍረውን ጠንካራ ብረት፣ ይህ ማሽን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየበላ ያወጣዋል። አዲሱን መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ያገለገለ ፈለግን።

ሻጩ ከደረቅ ወደቡ ብዙም በማይርቅ መጋዘን ውስጥ ከውጭ የመጡ አሮጌ ማሽኖች ደርድሮ ይቸረችራል። ወሬኛና ደስ የሚል ሰው ነበር።

«ኢንጂነር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ዳግመኛ አይገባም» አለው። ባለቤቴ ኢንጂነር አልነበረም፤ ግን አላረመውም።

«ለምን ተሸጠ?»

«ባለቤቱ ሞቶ ነው። እዚያው አውሮፓ፣ አንድ ሽማግሌ። ሚስቱ ናት የሸጠችው።»

ባለቤቴ ፈገግ አለና ወደ ማሽኑ ዞረ። ቁመቱ ከሱ ይበልጣል። ከላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ጭንቅላት፣ ከሥር ዘይት የሚሞላበት ገንዳ አለው። ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ፤ የገንዳውን በር ጎማ በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገ፤ በገንዳው ውስጥ የቀረውን ዘይት በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

«ስንት ጊዜ ቆሟል?»

«ኧረ አልቆመም፤ ትናንት የወረደ ነው።»

ባለቤቴ በጣቱ ክዳኑ ላይ አንድ መስመር አሰመረና አቧራውን አሳየው። «ይሄስ? አብሮ ከአውሮፓ የመጣ ነው?»

«እሱ የሞጆ አቧራ ነው፤ በነጻ ነው» አለ ሻጩ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሲሠራ ሳያይ አይገዛም ነበርና ሻጩ የመብራት መስመሩን አገናኘ። ባለቤቴ ከኪሱ አሮጌ አምስት ሳንቲም አወጣ፤ ለዚሁ ብሎ ከዘንግ ጫፍ ጋር በይዶ ነበር ያመጣው። ጭንቅላቱ ላይ አሰረውና ከሥሩ አንድ ቁራጭ ብረት አስቀምጦ ገንዳውን በዘይት ሞላው። ሳንቲሙ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዘይቱ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ፤ ድምፁም ተልባ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ነበር።

«እየነካው ነው?» አልኩት።

«አይነካውም። ከነካው ይቆማል፤ ማሽኑ ራሱ ወደ ኋላ ይስበዋል። በጣም ተጠጋግተው ሳይነካኩ ሲቀሩ ነው እሳቱ የሚዘለው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኛ ስንተጫጭ እንደነበርነው» አለኝ።

የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው። ከተጫጨን በኋላ ልምምድ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር ስንቀመጥ፣ የመዘምራኑ መሪ እየመጡ በመካከላችን ወፍራም የመዝሙር ደብተር ያስቀምጡ ነበር። ይህን ሳስታውስ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው እህቴ፣ ጋብቻችሁን እዚሁ ልታድሱት ነው?» አለ ሻጩ።

ዘይቱ ሲወርድ የሳንቲሙ አንበሳ በብረቱ ላይ ጎድጉዶ፣ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን አዙሮ ታትሟል። ባለቤቴ አውራ ጣቱን አሳርፎ ጠርዙን ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ገዛነው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ሚስቱ ግን እንዴት አስቻላት?» አልኩት።

«የማን ሚስት?»

«የሽማግሌው።»

መሪውን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! አሮጌ ማሽን የሚሸጥ ሁሉ እኮ ባለቤቱ ሞቶ ነው ይላል። አስቸገረኝ፣ ተበላሸብኝ ይበል? የሞተ ሰው ማሽን ጤነኛ ነው። ሽማግሌም የለም፣ ሚስትም የለችም።»

ከዚያ በኋላ በቤታችን መቀለጃ ሆነ። አሮጌ ፍሪጃችንን ለጎረቤት ስንሸጥ፣ ለምን እንደሸጥነው ሲጠይቁን፣ ባለቤቴ ፊቱን አጥቁሮ «ባለቤቱ ሞቶ ነው» አላቸው። ጎረቤታችን ደንግጠው «ነፍስ ይማር» ብለዋል።

ማሽኑ ከጓሮ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ቆመ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው የተልባ ድምፅ አብሮኝ ይውላል። በየመካከሉ ጭንቅላቱ ብድግ ብሎ ቆሻሻውን ሲያስለቅቅ ድምፁ ይቋረጥና ተመልሶ ይቀጥላል። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ሲል ሥራው አልቋል ማለት ነውና ተነሥቼ ሻይ እጥዳለሁ። አንድም ቀን ና ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ዝምታው ሻይ ያስጥደኛል፤ የሻዩ ሽታ እሱን ያመጣዋል።

ሕመሙ አጭር ነበር። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልችልም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ዘመሩ፤ ጌታ ያጽናሽ አሉኝ፤ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ያለው ዝምታ ሻይ የማያስጥድ ዝምታ ሆነ።

ማሽኑን ለመሸጥ አላሰብኩም። በብርድ ልብስ ሸፍኜ ቆርቆሮ ቤቷን ቆለፍኩ። የሚፈልጉ ሰዎች ሲደውሉ አይሸጥም እላለሁ። እህቴ ዝዋይ ስለምትኖር አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፤ በመንገዱ ላይ፣ መቂ ላይ ያለው የውሃ ሰልፍ ቢጫ ጀሪካን በቢጫ ጀሪካን ነው። ክዳኖቹን እያየሁ የትኛው ከሱ ሞልድ ወጥቶ ይሆን እላለሁ። አውቶቡሱ ያልፋል። ዓይኔ ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ ዝገት ነው። የአዳማ ንፋስ አቧራውን በየስንጥቁ ያስገባልና አንድ ቅዳሜ ልወለውል ገባሁ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው የገንዳው ዘይት በበሩ ጎማ በኩል እየተንጠባጠበ ጎድሏል። ዘይቱ በሸሸበት ቦታ፣ እሱ እንደ መስተዋት ይወለውለው የነበረው ጠረጴዛ ላይ ቡናማ ቀለበት ወጥቷል። በጨርቅ ፈተግሁት፤ አልለቀቀም። «ማሽን ሲሠራ አያልቅም፤ ቆሞ ነው የሚሞተው» ይል ነበር። ሞጆ ላይ ስንት ጊዜ ቆሟል ብሎ የጠየቀውም ለዚሁ ነው። እኔ ይዤው ልቆይ ስል እየገደልኩት ነበር። ብለቀው ደግሞ ያ ድምፅ ከዚህ ቤት ለዘላለም ሊሄድ ነው።

ከደዋዮቹ አንዱ የሻሸመኔ ሰው ነበር። ደወልኩለት።

ከአንድ ሹፌር ጋር ክሬን በተገጠመለት አይሱዙ መጣ። ባለቤቴ ሲጀምር በነበረበት ዕድሜ ላይ ያለ፣ ጥፍሩ ዙሪያ የብረት ጥቁረት ያለበት ሰው ነው። በሩ ላይ «አካም ጅርቱ፣ እናቴ» ብሎ ሰላም አለኝ። ሹፌሩ ብርድ ልብሱ ሲነሣ ገንዳውን አይቶ «ይሄ የዝዋይ ዓሣ ማርቢያ ነው እንዴ?» አለ።

«አንተ ስለ ጎማህ አስብ» አለው ገዢው። ጎንበስ ብሎ የገንዳውን በር በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገ። ይህን ሳይ ወደ ውጭ መውጣት አማረኝ፤ ግን አልወጣሁም።

«ይቅርታ እናቴ፣ ለምንድነው የሚሸጡት?»

አፌን ስከፍት የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። «ባለቤቱ ሞቶ ነው።»

ገዢው ፈገግ አለ። ያችኑ የሞጆዋን ፈገግታ። ሹፌሩም «ሁሌም ባለቤቱ ነው የሚሞተው፤ ማሽኑ አንድ ቀን አይሞትም» አለ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን እንደጀመረ አልጨረሰም። ገዢው ቀና ብሎ አየኝ፤ ጥቁር ልብሴን፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የቀረውን የሥራ ካፖርት አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«የእርስዎ… ባለቤት?» አለ።

«አዎ፣ ልጄ። የማሽኑም የኔም።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ወደ በሩ ሄደ። ገዢው እጁን ከገንዳው ላይ አነሣና «ሳላስነሣው ልውሰደው እናቴ፤ እንዳይከብድዎት» አለኝ።

«አይ፣ አስነሣው» አልኩት። «ሲሠራ ሳያዩ አይገዛም።»

መደርደሪያው ላይ የሞጆው ቁራጭ ብረት አንበሳው እንደታተመበት ነበር፤ አንሥቼ ያዝኩት። ለገዢው ሌላ ብረት ሰጠሁት። ዘይት ጨመረበት፤ በሳንቲሙ ፈንታ የራሱን መዳብ ጭንቅላቱ ላይ አሰረ፤ መብራቱን ለቀቀ። መጀመሪያ ፓምፑ አጉረመረመ። ከዚያ ከዘይቱ ሥር ሰማያዊው መጣ፤ ተልባውም መንጣጣት ጀመረ።

ወደ ቤት ገብቼ ደብተር በማርምበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልሰማው የፈለግሁት ከዚያ፣ ከግድግዳው ወዲህ ነበር። ምንም አልተለወጠም። ብድግ እያለ ይቋረጣል፤ ተመልሶ ይቀጥላል። ብረቱን ሁለት እጄ ላይ ይዤ፣ አውራ ጣቴን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጌ አዳመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው እሱ አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን ድምፁ ሲረዝም ማወቄ እየራቀኝ ሄደ።

ድምፁ ቆመ። ወዲያው አልቀጠለም። እኔም ሳላስበው ተነሣሁና ሻይ ጣድኩ።

ሁለቱ ሰዎች ሻዩን ጠጥተው ማሽኑን በክሬን ጫኑት። ዝገቱን ለገዢው አሳየሁት፤ ስንት ጊዜ እንደቆመም ሳልደብቅ ነገርኩት። «ይለቃል፤ ብዙ አልቆየም» አለኝ። ሊሄድ ሲል «አንድ ቀን ብትሸጠውና ቢጠይቁህ፣ የመጀመሪያው፣ የአውሮፓው ሽማግሌም፣ የአዳማውም ባለቤት ሞተው ነው በል» አልኩት።

«አያምኑኝም እኮ እናቴ።»

«አያምኑህም። አንተ ግን በል።»

አይሱዙው ወደ ሻሸመኔ መንገድ ታጠፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያቺን የአውሮፓ ሴት አሰብኩ። ባለቤቴ የለችም ብሎኝ ስቆባታል። ስንት ነገር አምኜዋለሁ፤ ይህን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላምነውም። አለች። እሷም አላስቻላትም። ዝገቱን አይታ፣ አንድ ጊዜ ከግድግዳው ወዲህ ሆና ሰምታው ነው የለቀቀችው።