አበልጄ እና የሚስቴ መኪና

በአበልጅ መቅናት ነውር ነው። ልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው እንደ ወንድምህ ይቆጠራል፤ ቤትህ ሲመጣ ደውሎ አያስፈቅድም፣ ሚስትህም "አበልጅ፣ ብላ እንጂ" እያለች ደጋግማ ታቀርብለታለች። ወንድም ነው ከተባለ በኋላ ምን ብለህ ትከሰዋለህ? ያውም የመረጥኩት እኔው ነኝ። ልጃችን አርባ ቀኑ ሲደርስ ናይሮቢ ከማውቃቸው አበሾች መካከል ጨዋውን ፈልጌ ፈልጌ እሱን አገኘሁ። ዛሬም ጨዋ ነው፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው።

እሱ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው፤ እኔ ጊጊሪ አንድ ቢሮ ውስጥ ዕቃ ግዢ ነው የምሠራው። ሚስቴ ኪሌሌሽዋ ካለው ቤታችን ዌስትላንድስ ወዳለው የልብስ ሱቋ የምትመላለስበት መኪና በቅርቡ ጥቁር ጭስ መትፋት ሲጀምር ማንን እንዳማከረች መገመት አያቅትም። ኮፈኑን ከፍታ ስልኳን ሞተሩ ላይ አስጠግታ ድምፁን አሰማችው። እሱም የኦክስጅን ሴንሰሩ እየሞተ ስለሆነ ከሁሉ በፊት እሱ ይቀየር አላት።

"ቅዳሜ መጥቼ እቀይረዋለሁ ብሏል" አለችኝ።

"እኔ ምን ሆኜ ነው እሱ የሚቀይረው?"

"አንተ ደግሞ! ሙያው ስለሆነ ነዋ።"

ክፋት አልነበረባትም። ቅናት ግን ክፋት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ውስጤ ድብን አለ። ቅዳሜን ልቀድመው ወሰንኩ።

የመኪናው የቀድሞ ባለቤት ፍጥነት የሚወድ ጎረምሳ ስለነበር፣ የቤንዚኑን መጠን በላፕቶፕ መጨመርና መቀነስ የሚያስችል ኮምፒውተር አስገጥሞበታል። እኔም የአባቴን መኪና ካርቡራተር በካቻቪቴ እያስተካከልኩ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሞተር በጆሮዬ አውቃለሁ። ሐሙስ ከሥራ መልስ ሚስቴን መሪው ጋ አስቀምጬ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ አድርጋ እንድትይዝ ነገርኳትና ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የሴንሰሩ ሥራ ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እየለካ ቤንዚኑ በዛ ወይም አነሰ ብሎ መናገር ነው። አነሰ አለኝ። ጨመርኩ። አሁንም አነሰ አለኝ፤ አሁንም ጨመርኩ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፣ ጎረቤታችን መጥታ ያሰጣችውን አንሶላ እየሰበሰበች በስዋሂሊ አጉረመረመችብን። አፍንጫዬ በዝቷል ይለኛል፣ ሴንሰሩ አነሰ ይለኛል። ሴንሰሩ ይዋሻል ካልኩ አበልጄ ልክ ነው ማለቴ ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን አመንኩ።

"አበልጅ እኮ መጀመሪያ ሴንሰሩን..." ብላ ጀመረች።

"ዝም ብለሽ ያዢ።"

ስጨርስ ለቅዳሜ እንዳይለፋ ንገሪው አልኳት። ደወለችለት፤ ከወጥ ቤት ስትስቅ ሰማኋት። ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኳትም፤ ማወቅ ግን እስካሁን እፈልጋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ እያለሁ አበልጄ ደወለ።

"አበልጅ፣ እንዳትደነግጥ። መኪናው ዌስትላንድስ አደባባዩ ጋ ጃም ውስጥ ቆሞባት ነው። እኔ ደርሼላታለሁ።"

ደርሼላታለሁ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እሱ ከኤርፖርት ከተማውን ሁሉ አቋርጦ ነው የደረሰው፤ እኔ እዚሁ አፍንጫዋ ሥር ነበርኩ። ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ላይ ተፈናጥጬ በመኪናዎቹ መሀል እየተሹለከለክን ሄድን።

መኪናው ወደ ዳር ተገፍቷል። አበልጄ ጎንበስ ብሎ በቤንዚን የራሱትንና ጥላሸት የመሰሉትን ካንዴላዎች ከሞተሩ ያወጣል። ሚስቴ አጠገቡ ቆማ ጃኬቱን ይዛለታለች። እዚያ ሁሉ የመኪና ጡሩምባ መሀል እኔ ያየሁት ጃኬቱን ብቻ ነው።

"ምን አድርገሽው ነው?" አልኳት፣ ገና ከቦዳው ሳልወርድ።

እሱ ቀና አለና "እሷ ምንም አላደረገች። ሴንሰሩ ነው አንተን ያሳሳተህ፤ ማንንም ያሳስታል" አለኝ። ጥፋቴን ሴንሰሩ ላይ ጫነልኝ። እንዲህ ደግ የሆነ ሰው ምን ይደረጋል? በጥፊ አይመታ። አዲስ ሴንሰር ሊገዛ መንገዱን ሲሻገር ሁለታችን ቀረን።

"እኔ ጊጊሪ ነኝ፣ እሱ ኤርፖርት ነው" አልኳት። "ለምን ለእኔ አልደወልሽም?"

ጃኬቱን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

"አስተካክዬዋለሁ ብለህ ስንት ደስ ብሎህ አደርክ። ቆመ ብዬ እንዴት ልንገርህ? እሱ ያስነሳውና ምንም እንዳልተፈጠረ ማታ እነዳዋለሁ ብዬ ነበር።"

"ታዲያ እሱ ለምን ደወለልኝ?"

"እንዳትነግረው ብዬ ለምኜው ነበር። 'ከአበልጄማ ምንም አልደብቅም' ብሎ እምቢ አለኝ።"

ሁለቱ ከእኔ የሚደብቁት ነገር አለ እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ፣ የተገኘው ምስጢር ይህ ብቻ ነው፤ ይህንንም አበልጄ እምቢ ብሎታል። በዚያች ሰዓት እንደቀናሁበት መቼም ቀንቼበት አላውቅም። እኔን እንዲህ ብትለምነኝ እሺ እላት ነበር።