የቢላዋው እጀታ

እትዬ ሉዋን በታይናን ከተማ ገበያ ሠላሳ ዓመት የአሳማ ሥጋ ሲቆርጡ ኖረው፣ ከሕዝቡ መሐል ዕጣ ወጣባቸውና ከዳኞች ጋር ሊፈርዱ ችሎት ተቀመጡ። ተከሳሹ አንድ ወጣት ፖሊስ ነው፤ ሰክሮ በቢላዋ ሰው ያስፈራራን ሥጋ ቆራጭ ሊይዝ ሄዶ ተኩሶ ገድሎታል። «ቢላዋውን ሰነዘረብኝ» ይላል።

በአስከሬኑ ፎቶ ላይ የሟቹ መዳፍ በስለት ተሰንጥቋል። እትዬ ሉዋን ይህን ሲያዩ ቱግ አሉ።

«ሥጋ ቆራጭ ቢላዋ ሲያቀብል ስለቱን ራሱ ይዞ እጀታውን ለሰው ነው! ሰውየው እኮ እጁን እየሰጠ ነበር፤ ይሄ ፖሊስ ዓይን የለውም?»

«እስቲ ያሳዩን» አሉ የመሐል ዳኛው።

እትዬ ሉዋን በማስረጃነት የቀረበውን ቢላዋ አንስተው፣ ስለቱን ይዘው እጀታውን ቀልጠፍ አድርገው ዘረጉላቸው። ዳኛው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ሸሹ።

«እያወቁ እንኳ ሸሹ?» አሉ እትዬ ሉዋን፤ ጠዋቱን ሙሉ ሲራገሙት ያረፈዱትን ወጣት ፖሊስ ገና አሁን አሰቡት።