ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ

ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ነው የሚላት። ቅጥነቷ እንደ መርፌ፣ ሥራዋ ልብስ ስፌት፣ ምላሷም ሲነኳት ይወጋል። ሐሜት አይደለም የማወራው፤ ሐሜትም ከሆነ ይሁን፣ እውነት ነው።

ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከድተዋት፣ ለእጥበት እየተመላለሰች ስትንገላታ፣ ታላቅ እህቷ ናት አንዱን የሰጠቻት። እህትየዋ ድንች ነጋዴ ናት። ድሮ ኩንታል ስታነሳ ወንዶቹ ያፍሩ ነበር፤ ከተቀደደች ወዲህ ግን በሰው ነው የምታስነሳው። አፏ ብቻ እንደ ድሮው ቀረ። ጠዋት ወደ ገበያ ስታልፍ በስፌት ቤቱ መስኮት አንገቷን ታስገባና፣

«ላንቺ የዳርኳት ልጄ እንዴት አደረች?» ትላለች። ኩላሊቷን ነው።

«ደህና ናት እትዬ! እየበላች እየጠጣች።»

«እንዳታስከፊያት! ሌላ የምድራት የለኝም።»

ለመርፌ ሐኪም ቤት የሰጧት መድኃኒት እፍኝ ይሞላል። ሰውነቷ «ይቺ ባዕድ ናት» ብሎ ኩላሊቷን እንዳያባርራት ነው። ከመሃል ስቴሮይድ የሚሏት ትንሽ ነጭ ክኒን አለች፤ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት። የመርፌ ፊት ተነፋ፣ ጉንጯ ዓይኗን ሊውጠው ደረሰ፣ ሆዷ ጠገብኩ ማለት ረሳ። ደንበኛ ስትለካ እንኳ መስታወቱን ላለማየት ዓይኗን ሜትሩ ላይ ትተክላለች። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ መቼ ትምራለች!

«አንቺ መርፌ፣ ምነው እንደ ክር ድውር ተድበለበልሽ?» አለቻት ሰው ፊት።

አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

አንድ ቀን ለምርመራ ሄዳ ተራ ስትጠብቅ ከአንድ ሾፌር ጋር ተቀመጠች። እሱም ኩላሊት የተተካለት ነው፣ ፊቱ ግን ምንም አልሆነም።

«ለኔ ዶክተሯ ያቺን ክኒን እየመረመረች፣ ቀስ በቀስ ቀንሳ አቆመችልኝ» አላት።

መርፌ የሰማችው «አቆመችልኝ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌላው በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ሄደ። ዶክተሯን መጠየቅስ? አፈረች። ሰው ከጎኑ ቆርሶ ሰጥቶኝ እኔ ስለ ጉንጬ ላውራ?

«ሌላውን ሁሉ እውጣለሁ፣ አንዷ ብትቀር ምን ታመጣለች?» ብላ ተወቻት። እህቷ እየመጣች ማሸጊያውን ስለምታይ፣ መርፌ የዋጠች እንድትመስል ክኒኗን ፈልቅቃ ታወጣታለች። መጣል ደግሞ ከበዳት፤ እህቷን የምትጥል መሰላት። ነጫጭ ቁልፎች ካሉበት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻት። በማግስቱም እንደዚያው።

ጉንጯ ጎደለ። የምትወደውን ቀሚሷን ጎኑን አጠበበችው። ፀጉር ሠሪዋም «መርፌዬ ተመለሰች!» አለች። ግን ጠዋት ያቺ አንገት በመስኮት ስትገባና «ደህና ናት» ስትል ድምጿ ይሰልላል፤ እጇን ወግቷት የማያውቅ መርፌ ይወጋት ጀመር። እግሯ ሲያብጥ «የማሽኑ መርገጫ ነው» ብላ ራሷን ሸነገለች።

አንድ ቀን እህትየዋ ቁልፉ የወደቀ ሸሚዝ ይዛ መጣች።

«ተይ አትነሺ፣ ራሴ እፈልጋለሁ» ብላ ቆርቆሮውን ከፈተች። አገላበጠች፣ አገላበጠችና አንዷን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘቻት።

«ይሄ ቁልፍ ቀዳዳ የለውም» አለች። ሌላ አነሳች። «ይሄም።»

ማሽኑ ቆመ።

እህትየዋ በምላሷ ቀመሰቻት። መረራት።

«ጠዋት ጠዋት ማንን ነበር የምታሞኚው?»

«ፊቴን አጣሁት እትዬ… ፊቴን።»

«ፊትሽን! እኔስ ጎኔን አይደለም እንዴ? ተነሺ፣ ሐኪም ቤት!»

ደም ተወሰደ። ሰውነቷ ኩላሊቷን ማባረር ጀምሮ ኖሯል። ዶክተሯ ብትጮህባት በተሻላት፤ አልጮኸችም።

«ምነው ብትነግሪኝ?» አለቻት። «የሚቀነስለት ሰው አለ፣ ያለሷ የሚኖርም አለ። ግን እያየን፣ እየመረመርን ነው። አሁን ላንቺ መቀነስ ቀርቶ መጨመር ነው።»

ያንኑ መድኃኒት በደም ሥር ሰጧት፣ ክኒኗንም አበዙባት። ኩላሊቷ ትመለስ አትመለስ ግን ማንም አልነገራት።

ወደ ስፌቷ ከተመለሰች በኋላ እህቷ በመስኮቱ ማለፏን አልተወችም። «ደህና አደርሽ» ትላለች፣ ታልፋለች። ስለ ልጇ አትጠይቅም። መርፌን ከክኒኗ በላይ ያ ዝምታ መረራት። የእህቷን ሸሚዝ አንስታ ቁልፉን ተከለች፤ ጠባሳዋን እንዳይጫናት ብላ ግራ ጎኑንም ትንሽ አሰፋችው።

እህትየዋ ልትወስደው ገብታ ለበሰችው። መርፌ ስትቆልፍላት እጇ ጠባሳው ላይ አረፈ።

«ተቀይመሽኛል?»

«አዎ። ክኒንሽን ዋጪ።»

ዋጠች። እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ አሳየቻት። እህትየዋ ሳቋ መጣ፣ ግን ዋጥ አደረገችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት» የሚለው የመርፌ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም እትዬ» አለች። «ውጤቱ ሐሙስ ነው።»



«እንግዲያው ሐሙስ ድንቹን ሰው ይሸጥልኛል፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች እህትየዋ። «ያን ያጠበብሽውን ቀሚስ ደግሞ ፍቺው፤ ጉንጭሽ እየመጣ ነው።»

መርፌ መቀሱን አነሳች። ራሷ አጥብቃ የሰፋችው ነውና፣ ክሩ በቀላሉ አልላቀቅ አላት።