በቆሎ የሚድረው ሰውዬ

አዳማ አውቶቡስ ተራ እሸት የምትጠብሰው ዲንቄ የደንበኛዋን ስም ስለማታውቅ በሆዷ «ጓድ በቆሎ» ትለዋለች። ከምርምር እርሻው ሲመጣ የካኪ ኮቱ ትከሻ የበቆሎ አበባ ብናኝ አይጠፋውም፤ ኪሱ በወረቀት ከረጢት ተወጥሯል። የኮቱን ቁልፎች በማይመስል ክር ራሱ እንደሰፋቸው ያስታውቃል።

«ሴቷን አበባ ያልታጨላት ብናኝ እንዳያርፍባት በከረጢት እንሸፍናታለን» አላት እሸቱን እየጋጠ። «ሴቷ የኬንያ ዘር ናት፣ ወንዱ የሜክሲኮ። አገሮቹ ዘር ይዋዋሳሉ፤ እኛ እንድራለን።»

«እርስዎንስ ማን ዳረዎት?»

መጋጡን ተወት አደረገ። «እኔንማ ማን አስታውሶኝ!» ብሎ ሳቀ።

ዲንቄ ለእሱ ብላ የደበቀችውን ለጋ እሸት ፍሙ ላይ ጣል አደረገች። «ኧረ ይሄ ሰውዬ! ከባሕር ማዶ ሙሽራ እያመጣ፣ ምድጃ ማዶ ያለችውን አያይም እንዴ?» አለች በሆዷ።