መልካ የሚባለው ማሳ

ጭሮ ባለው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ስቀጠር ሥራዬ ካርታ ማባዛትና ፋይል ማደራጀት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ኮምፒውተር መጣልን። ደፍሮ የሚነካው ስለጠፋ እኔ ተመደብኩና አዲስ አበባ ለሥልጠና ላኩኝ።

እዚያ የተማርኩት በአጭሩ ይህ ነው። ከሳተላይት የተለካ የመሬት ከፍታ አለ። አገሩ እንደ ዳማ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ላይ ከፍታው ተጽፎበታል። ፕሮግራሙ በየአራት ማዕዘኑ ውሃ እንደፈሰሰ አድርጎ ይቆጥርና ወደ የትኛው ጎረቤቱ እንደሚወርድ ይከተላል። ብዙ ውሃ የሚሰበሰብበትን መስመር በሰማያዊ ያሰምራል። የታሰበው መንገድ ሰማያዊውን መስመር ባቋረጠበት ቦታ ሁሉ ቱቦ ወይም ድልድይ ይታቀዳል። ከዚያ በፊት ይህን ለማወቅ ሰው አገሩን በእግሩ ማዳረስ ነበረበት።

በቢሯችን ይህን የእግር ሥራ ሲሠሩ የኖሩት አንድ አዛውንት ቀያሽ ነበሩ። ጡረታቸው ተቃርቧል። ከተማችንን በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ብለው ጠርተው አያውቁም። ጴንጤ ስለነበሩ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፤ ሙስሊሙ ሾፌራችንም ሞተሩን ሳያስነሳ ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያውን ካርታ አትሜ ግድግዳ ላይ ስለጥፍ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ ሁሉ ወንዝ ነው?» አሉ።

«ወንዝ ብቻ አይደለም ጋሼ። ሲዘንብ ውሃ የሚወርድበት ሁሉ ነው።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተንከራተትኩበትን አንቺ በአንድ ጠዋት ጨረስሽው?»

ቅሬታ ይሁን አድናቆት አልለየሁትም፤ አልጠየቅኳቸውምም።

የመጀመሪያው ሥራችን መሰላ አካባቢ ነበር። በበጋ ሄደን ሰማያዊ መስመር ባለበት ሁሉ ቆምን። ውሃ ባይኖርም አሸዋ የተነጠፈበት መውረጃ አገኘን። አንዱ ጋ ቁጥቋጦ የሸፈነው ጥልቅ ቦይ ነበር፤ ቀያሹ ከዓመታት በፊት በዚያው አልፈው እንዳላዩት ራሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በቢሮው ሰው ካርታዬን ማመን ጀመረ። ከሁሉም በላይ ያመንኩት ግን እኔው ነኝ።

ቀጥሎ የመጣው ከመቻራ ወደ አንድ ቡና አብቃይ ቀበሌ የሚገባ መንገድ ነበር። የቀበሌው ሰው ቡናውን በአህያ ጭኖ ነበር መቻራ የሚያደርሰው። ካርታዬን ሠርቼ የሚያስፈልገው ቱቦ በቁጥር ታዘዘ። በበጋው ለማረጋገጥ ወጣን፤ ገለምሶ አድረን በማግስቱ መቻራ ገባን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነበር።

ግማሽ መንገድ እንደተጓዝን ጂፒኤሱ ሰማያዊው መስመር ላይ መድረሳችንን አሳየን። የቆምነው ግን ጫት ማሳ መሃል ነው። በድንጋይ የታጠረ እርከን፣ በደንብ የተኮተኮተ አፈር፤ የውሃ መውረጃ የሚመስል ነገር የለም። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ይኮተኩታሉ። ማሳው የእሳቸው ነበር። ሾፌራችን «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ እኔም በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ይህ ቦታ ስም አለው?»

«መልካ ይባላል» አሉኝ።

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ካርታዬ የተመሰከረለት መሰለኝ።

«እንግዲያው እዚህ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው።»

«ይወርድ ነበር። ባለቤቴ ሲያገባኝ ነበረ። በኋላ ላይኛው ሰፈር እርከን ሲሠራ ውሃው ዞረ። አሁን የሚወርደው በዚያ ነው» አሉና ማዶ ያለውን ትልቅ ዋንዛ በመኮትኮቻቸው አሳዩን። «በክረምት መጥተሽ እዪ።»

ወደ ዋንዛው ሄድን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ ጎድጎድ ያለ የእግር መንገድ ከኮረብታው ይወርዳል። ካርታዬ ላይ በዚያ ቦታ ምንም የለም። ቀያሹ ቁጢጥ ብለው ጥቂት ጠጠር አነሱና በመዳፋቸው አገላበጡት።

«ይሄ ድንጋይ ተንከባሏል። ውሃ ነው ያመጣው። ቱቦውን እዚህ እናድርገው» አሉ።

«ከብት የረገጠው መንገድ ነው ጋሼ። ቱቦው የታዘዘው በቁጥር ነው፤ እዚህ ካደረግነው መልካ ያለ ቱቦ ይቀራል። ካርታውም የቦታው ስምም የሚሉት አንድ ነገር ነው።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሳቸው አንድ ሰው ናቸው።»

ጠጠሩን ጣሉና እጃቸውን አራገፉ። «የምትፈርሚው አንቺ ነሽ» አሉ። እውነት ነበር፤ የውሃ መሻገሪያው ሰነድ የሚወጣው በእኔ ፊርማ ነው። ቱቦው መልካ ላይ እንዲቀበር ፈረምኩ።

መንገዱ ክረምት ሳይገባ አለቀ። አይሱዙ ቀበሌው ድረስ ገባ፤ ሰዉም ደስ አለው። ሐምሌ ላይ ከመቻራ ስልክ ተደወለ፤ መንገዱ ዋንዛው ጋ ተቆርጧል።

ስንደርስ የሆነውን ለመረዳት ማንም እንዲያስረዳን አላስፈለገንም። ጎርፉ በዚያ የእግር መንገድ ወርዶ ከፍ ብሎ ከተደለደለው መንገድ ጋር ተጋጭቷል። መውጫ ሲያጣ ገሚሱ መንገዱን ጥሶ ሄደ። የቀረው በመንገዱ ዳር ቦይ እየተንደረደረ የመጀመሪያው ክፍት ቦታ ላይ ደረሰ። ክፍት ቦታው የእኔ ቱቦ ነው። በቱቦው አልፎ ከመንገዱ በታች ባለው የአሮጊቷ ማሳ ላይ ወረደ። እርከኑ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱ ጫት ሥሩ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

አሮጊቷ ጭቃ ውስጥ ቆመው ድንጋይ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ እማማ።»

«ውሃውን የመለስሽው አንቺ ነሽ።»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«አዎ። እርስዎ ነግረውኝ ነበር» አልኩ።

«ነግሬሽ ነበር» አሉና ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ቀያሹ ኮታቸውን አውልቀው ለሾፌሩ ሰጡና ከአሮጊቷ ጎን ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዝናቡ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ሠራን፤ የጠገንነው ከተሰነጠቀው ጥቂቱን ነው።

ጭሮ ስመለስ አለቃዬ ሪፖርቱን «ከተጠበቀው በላይ ዝናብ ስለጣለ» ብዬ እንድጽፍ መከረኝ። ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ሊያድነኝ ነው። እኔ ግን የቦታው ሰው ነግሮኝ፣ ቀያሹም አሳስበውኝ እንዳለፍኩት ጻፍኩ። ደፋር ሆኜ አይደለም። ቀያሹ ሪፖርቱን እንደሚያነቡት ስለማውቅ ነው። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፋይሌ ውስጥም ገባ።

ስህተቱ የት እንደነበር ለማየት የሥልጠና ደብተሬን አገላበጥኩ። የአንዱ አራት ማዕዘን ጎን ሠላሳ ሜትር ነው። ሁለት ሰው የሚያስኬድ ቦይ በዚያ ውስጥ አይታይም። ከፍታውም የተለካው ከዓመታት በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በእርከንና በቦይ የለወጠውን አያውቅም። ይህን አስተማሪው ነግሮን ነበር። በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

በቀጣዩ በጋ ዋንዛው ሥር ቱቦ ተቀበረ፤ የመልካው አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ተዘጋ። ለየቀበሌው ሥራ ከመፈረሜ በፊት ሁለት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይዤ መስመሩን በእግር እንድሄድ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። እነሱ ያሳዩኝን ቦይ በጂፒኤስ እየለካሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባለሁ፤ ፕሮግራሙም ውሃውን በዚያ ያወርዳል። ካርታው እየተሻሻለ ሄደ። ሥራ ሲጣደፍ ግን ሽማግሌዎቹ የተዘለሉባቸው ዓመታትም ነበሩ፤ ከእነዚያ መንገዶች አንዳንዶቹ ደህና ናቸው፤ አንዳንዶቹ አይደሉም።

ቀያሹ ዋንዛው ሥር ቱቦ በተቀበረበት ዓመት ጡረታ ወጡ። ለመጨረሻ ጊዜ በመልካ በኩል ሳልፍ አሮጊቷን አላገኘኋቸውም፤ ልጃቸው ጋ ገለምሶ ሄደዋል አሉኝ። እርከኑ ተመልሶ ተሠርቷል። ጎርፉ ያለፈበት ጎን ግን አፈሩ ሳስቷል፤ ጫት ስለማይዝ ማሽላ ዘርተውበታል። ማሽላው ከሌላው ማሳ ማሽላ ያጠረ ነበር።