ጋኑና የእህቴ አፍንጫ

ልጅ ሳለሁ ከሰው ሁሉ የምቀናው በታናሽ እህቴ በአስካለ ነበር፤ ይበልጡን ደግሞ በአፍንጫዋ። በአፍንጫ ይቀናል ወይ የሚል ቢኖር አክስቴን ይመኙሻልን ስለማያውቃት ነው።

አክስቴ እኛን ያሳደገችን ጠላ እየጠመቀች ነው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ወደ አሶሳ ስትመጣ የጌሾ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋ ስለነበር፣ መኪናው ላይ ያለው ሰው ሕፃን የያዘች መስሎት ቦታ ይለቅላት ነበር አሉ። ገብስ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር በማሽላ መጥመቅ ለመደች፤ የጋኑን አስተጣጠን ግን አልለወጠችም። አመሻሽ ላይ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥብና፣ ፍሙ ላይ የወይራ ስንጥር ጨምራ፣ ጋኑን ጭሱ ላይ ደፍታ የዘሯን ጠማቂዎች ታሪክ ከቅድመ አያቷ ጀምራ ታወራልናለች። ያኔ ቤታችን ሰዓት አልነበረም፤ ጋኑ የሚነሳው ታሪኩ ሲያልቅ ነው። መጀመሪያ በጓሮዋ ጌሾ የተከለችው ቅድመ አያት ትመጣለች። ቀጥሎ የድርቁ ዓመታት ናቸው፤ የሚጠመቅ እህል ጠፍቶ ሳለ የአክስቴ እናት በየበዓሉ ባዶውን ጋን እያጠበች፣ እያጠነች መልሳ ታስቀምጠው ነበር። ይህ ረጅሙ፣ ቀስ ተብሎ የሚወራው ክፍል ነው። ከዚያ መኪናውና ችግኙ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚህ አሶሳ ጋኑን የሸጠችላት የአገሬው የበርታ ሴት። አክስቴ አነጋገሯን ታስመስል ነበር፤ «ጠላ? ለኛ ሐራም ነው። ጋኑ ግን ምን አጠፋ?» ስትል ጋኑ ይነሳል።

ያኔ አስካለን ትጠራትና ፊቷን ወደ ጋኑ አፍ ታስጠጋታለች።

«ደረሰ?»

«ደርሷል፣ እትዬ።»

እኔም ተጋፍቼ አሸት ነበር፤ የሚሸተኝ ጭስ ብቻ ነው። እንድትወደኝ ብዬ ታሪኩን ከነሳሏ በቃሌ ያዝኩት። አንድ ቀን ሳወራላት ሰማችኝና ሳቀች። «አንቺ ጆሮ አለሽ፤ ጋኑ ግን አፍንጫ ላለው ነው» አለችኝ። ጋኑ የአስካለ ነው ማለቷ ነበር። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ከዚያ የማኅበር ተራዋ ደርሶ ሳለ ወገቧን አሟት ከተማ ሐኪም ቤት ሄደች። ስትወጣ እኔ ታሪኩን እንዳወራ፣ አስካለ ጋኑን እንድታጥን አዘዘችን። ሁለታችን ፍሙ ዳር ተቀመጥን፤ ጀመርኩ፤ የድርቁ ዓመታት ላይ ስደርስ ዘለልኳቸው። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የበርታዋ ሴት ላይ ስደርስ አስካለ ጋኑን ቀና አድርጋ አሸተተችና «ገና ነው» አለች።

«ታሪኩ አልቋል እኮ። ከእትዬ ልትበልጪ ነው?» አልኳት።

ታላቋ ነኝ፤ እሺ ብላ አነሳችው።

አክስቴ ተመልሳ ጠመቀችበት፤ ጭስ ባልጠገበው ጋን ጠላው ኮመጠጠ። የማኅበሩ ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ዋንጫቸውን በጨዋ ደንብ እያስቀመጡ ወሬ ቀጠሉ፤ አክስቴ ፊቷ ቀላ። ሰዉ ሲወጣ ጠብቃ «ጋኑን ማን አነሳው?» አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለች አስካለ። ስለ ዘለልኩት ታሪክ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ እሷን አሽቺ ብላት አታውቅም። አስካለ አድጋ ፓዌ ተዳረች፤ አክስቴ ስታርፍ ጋኑ ለእኔ ሆነ። ዛሬም እጠምቃለሁ። ጠላዬን ሰው ይጠጣዋል እንጂ አያወራለትም። ጋኑን ሳጥን ብቻዬን ተቀምጬ የድርቁን ዓመታት አንዲት ሳላስቀር እናገራለሁ። የሚገርመኝ ጋኑን ወስጄባት እንኳ ቅናቱ አለመልቀቁ ነው፤ አሁን የምቀናው ያን ቀን ዝም ማለት በመቻሏ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ልትጠይቀኝ መጣች። አመሻሽ ላይ እሷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እኔ ጋኑን እያጠንኩ ነበር። እስከ በርታዋ ሴት ድረስ ተናግሬ ጨርሼ ላነሳው ስል፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ «ገና ነው» አለች።

ጋኑን መልሼ ደፋሁት። ከዚያ ዞሬ እያየኋት የድርቁን ዓመታት እንደገና ከመጀመሪያው አወራሁላት።