የእናቴ ሙሾ በእኔ አፍ

እናቴን አላውቃትም። ገና ጡት ሳልተው ነው የሞተችው። ሰው ግን ያውቃታል፤ ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ለቅሶ ሲኖር የምትጠራ አልቃሽ ነበረች። እሷ ሙሾ ስታወጣ ከሟች ጋር ተጣልቶ የኖረ እንኳ ደረቱን ይደቃ ነበር ይላሉ።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ ናት፤ እታለም እላታለሁ። ያላስተማረችኝ የለም፤ ለቅሶ ቦታ አፌን መክፈት ግን ክልክል ነበር። በእኛ ሰፈር የሚፈራ ነገር አለ። ሙሾ ተምረው ቢያወጡት ጸጋ ነው፤ ሳይማሩት ከደም የመጣ እንደሆነ ግን ከገዛ ቤት ሰው ወደ ሞት ይጠራል ይባላል። አንድ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ከገባ ወዲህማ ፍርሃቷ ባሰ። ለቅሶ በሄድን ቁጥር፣ "ነጠላሽን አፍሽ ላይ፣ ዓይንሽን መሬት ላይ" ትለኛለች።

አንድ የበጋ ቀን ጋፋት አጠገብ የአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ሄድን። ጠራራ ፀሐይ ነው። ሙሾ የምታወጣው ሴትዮ ድምፅዋ ተዘጋና ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ መሐል አንዲት ሴት ጀመረች። ደስ የሚል፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ነው። ማን ትሆን ብዬ ዞር ስል ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

"በሩን አትዝጋብኝ፣ ብርዱ እኔ ነኝ" እያልኩ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ከፊቴ የተቀመጡ አሮጊት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

"ማነው የቀሰቀሳት?" አሉ።

"ማንን እሜቴ?" አለች ከጎናቸው ያለችው።

"እናቷን ነዋ! የምትሰሚው እሷን ነው፤ ይቺ ልጅ እኮ ገና አልተናገረችም።"

እታለም ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። መንገዱን ሁሉ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ቤት ስንደርስ ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ "ለማን ነው ያለቀስሽው?" አለችኝ።

"ለሟቹ ነዋ።"

"እስቲ ይሁን።"

ከዚያ ወዲያ ከግንባር ወሬ ጠፋ። በፊትም ብዙ አልነበረም፤ አሁን ግን ዝምታው የእኔ ሥራ መሰለኝ። የቀበሌ ሰው በደጅ ባለፈ ቁጥር፣ መርዶ ይዞ ይሆን ብላ እታለም እንዝርቷን ታቆማለች። አልፎ ሲሄድ ትቀጥላለች።

ክረምቱ ገብቶ፣ አንድ ከሰዓት፣ ጥጥ እየፈተለች በአፍንጫዋ ስታንጎራጉር ሰማኋት።  ያው ዜማ ነው፤ እኔ ጋፋት ላይ ድምፄን የሰበርኩበት ቦታ ሲደርስ ይሰበራል።

"እታለም! ያንቺ ነው እኮ! ከአንቺ ነው የተማርኩት!"

"እኔ? እኔ ደግሞ መቼ አንጎራጉሬ አውቃለሁ?"

"አሁን! አሁን ነዋ!"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆየች፤ የሰው አፍ የምትዳስስ ትመስል ነበር። ከዚያ ፊቷ ፈካ።

"እንግዲያ የተማርሽው ነው? ከደም አይደለም በይኛ!"

"አይደለም" አልኳት። እኔ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ፣ ሌላውን ሁሉ ሰው እያየሁ የለቃቀምኩ ሴት ነኝና የመማር ነገር አይጠፋኝም። ተቃቅፈን ሳቅን። እንዝርቷን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

"ዜማውስ ይሁን" አለች። "ያን የብርዱን ቃል ከማን ሰማሽው? እናትሽ አባታችን የሞተ ዕለት ያለችው ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ እንኳ ደፍሬ አላልኩትም።"

ሳታውቅ እንዳንጎራጎረችው ሁሉ ሳታውቅ ብላውም ይሆናል። ዛሬ ለራሴ እንዲህ እላለሁ። ያን ቀን ግን ሁለታችንም የምናስበው ስለ ልጇ ነበር።

መስከረም ጠብቶ፣ አንድ ጠዋት ልጇን አጥሩ ጋ ቆሞ አየነው። ከስቷል፤ ካፖርቱ ብቻውን የቆመ ይመስላል። ልሮጥ ስል እታለም ቀሚሴን ያዘችኝ።

"ቆዪ!"

አልሳመችውም። አስገብታ አስቀመጠችውና ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። ከፊቱ ቆማ ጉሮሮውን ታያለች፤ ሙት ያኝካል እንጂ አይውጥም ሲባል ሰምታለች። አኘከ። ዋጠ።

"እማዬ፣ ምነው ጨው የለው?" አላት።

ያኔ ነው እግሩ ላይ ዘፍ ያለችው። እኔም እልል ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የማን ድምፅ እንደሚወጣ አላወቅኩማ።